ሙሾና ካሜራ፤ አጭር ፊልም በሐዘን ሥርዓት ውስጥ

በጎጃም ደጋ፣ በደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ በቁይና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች፣ ሙትን ማልቀስና ማሰብ ለአንድ ቀን ስሜት የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የራሱ ቀጠሮ፣ የራሱ ቦታና የራሱ የሥራ ድርሻ ያለው ሥርዓት ነው። የሞቱ ዜና ርቆ ላለ የቅርብ ዘመድ የሚደርሰው በመርዶ ሲሆን፣ ይህም ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተሰባስበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጎሕ ሳይቀድ፣ ከባለ ሐዘኑ ደጅ በመድረስ የሚፈጽሙት ከባድ ኃላፊነት ነው። ከቀብር በኋላ ሰልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተከታተሉ ይመጣሉ፤ በእነዚህ ቀናት ካህናት ለሙታን የሚጸለየውን ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ቤተሰቡም እንደ አቅሙ ተዝካር ያወጣል፣ ማለትም በሟቹ ስም ካህናትን፣ ድኾችንና ጎረቤትን ያበላል።

በዚህ የቆየ ሥርዓት ውስጥ ካሜራ ቦታ ካገኘ ሰንብቷል። በወረዳ ከተሞች ሠርግ የሚቀርጹ ፎቶ ቤቶች ቀብርና ለቅሶም ይቀርጻሉ፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት ስደት ነው፤ ልጁ በዓረብ አገር ወይም በአሜሪካ የሚኖር ወላጅ ሲሞት፣ በአካል መገኘት ያልቻለው ልጅ ቢያንስ የሆነውን ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ የለቅሶ ቪዲዮ ረጅም ነው፤ ካሜራው በድንኳኑ ውስጥ ከሰው ወደ ሰው እያዘገመ የእያንዳንዱን ለቀስተኛ ፊት ሲያነሣ እንደ ዕድር መዝገብ ነው፣ ማን እንደ መጣና ማን እንደ ቀረ ይመሰክራልና። ለማያውቀው ተመልካች አሰልቺ ይሁን እንጂ፣ ለቅሶ መድረስ ብድር በሆነበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ትዕግሥት ተገቢ ሥራውን ይሠራል።

አጭር ፊልም ግን ሌላ ነገር ነው። የኦስካር ሽልማትን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ አጭር ፊልም የሚለው ርዝመቱ ከ40 ደቂቃ ያልበለጠውን ነው፤ በተግባር ግን ብዙዎቹ ከዚያ በእጅጉ ያጥራሉና፣ ሁሉን ማሳየት ስለማይችሉ ይመርጣሉ። በዚህ በኩል ሙሾ ከረጅሙ ቪዲዮ ይልቅ ለአጭር ፊልም ቅርብ ዘመድ ነው። ሙሾ አውራጇ ወይም አልቃሹ በጥቂት ስንኞች የሟቹን ማንነት ጠቅለል አድርጎ ሲያወርድ፣ ለቀስተኛው እየተቀበለ ያለቅሳል፤ ስንኞቹም የትምህርት ደረጃውንና የሥራ ዘመኑን አይዘረዝሩም፤ ባለቤት ያጣውን በሬ፣ ያልታረሰውን ማሳ፣ የተዘጋውን ደጅ ያነሣሉ። በቀደመው ልማድ የጀግና ወይም የባላባት ለቅሶ ሲሆን፣ ኮርቻ የተጫነ ፈረሱ ጋላቢ ሳይኖረው ይሳባል፣ ጠመንጃውና ልብሱም በለቅሶው ሜዳ ይወጣል፤ ዛሬ ይህን ቦታ በአብዛኛው በክፈፍ የተያዘ ፎቶግራፍ ወስዶታል። በምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች ቃል ግጥም ላይ ሰፊ ጥናት ያደረጉት ምሁሩ ጌቴ ገላዬ እንዳሳዩት፣ በዚህ አካባቢ ሰው ስለ ሥራው፣ ስለ መሬቱና ስለ መንግሥት ያለውን አስተያየት እንኳ የሚገልጸው በግጥም ነው፤ ሐዘኑን በግጥም መናገሩ ታዲያ አያስደንቅም።

ይኸው ዘዴ በሌሎች አገሮች ስመ ጥር በሆኑ አጫጭር ፊልሞች ውስጥ ይታያል። የኔዘርላንዱ ሚካኤል ዱዶክ ደ ዊት እ.ኤ.አ. በ2000 የሠራውና በማግስቱ ዓመት ኦስካር ያገኘው «አባትና ሴት ልጅ» የተባለው የካርቱን ፊልም 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ አባቷ በጀልባ ርቆ የቀረባት ልጅ ከሕፃንነት እስከ እርጅና በብስክሌት ወደ ዳርቻው እየተመላለሰች ስትጠብቀው ያሳያል፤ አንድም ቃል አይነገርበትም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦስካር የተሸለመው «አንድ ነገር ቢገጥመኝ እወዳችኋለሁ» የሚለው የአሜሪካውያን ሥራ ደግሞ በ12 ደቂቃ ውስጥ በትምህርት ቤት በተተኮሰ ጥይት ልጃቸውን ያጡ ወላጆችን ይከተላል፤ እናቲቱ ልብስ ስታጥብ የልጇን ሸሚዝ አግኝታ የምታለቅስበት ትዕይንት፣ የሟችን ልብስ ይዞ ማልቀስን ለሚያውቅ የጎጃም ተመልካች ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፈረንሳዊው የሥነ ሰብእ ፊልም ሠሪ ዣን ሩሽ ደግሞ በማሊ የዶጎን ሕዝብ በገደል ዋሻ ውስጥ ሙታኑን እንዴት እንደሚያሳርፍ የሚያሳይ አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ1951 ሠርቷል፤ ከፊተኞቹ ሁለቱ የሚለየው እውነተኛ ሥርዓትን ከነአፈጻጸሙ መቅረጹ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ከዚህ የሚከብድበት ጊዜ ነበር፤ አስከሬኑ ያልተገኘና ለቅሶው የተከለከለ ሰው ሲኖር። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸውን ከመንገድ ዳር እንዳያነሡና እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል። መቀመጫዋን አሜሪካ ያደረገችው ፊልም ሠሪ ሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልሟ፣ በተለያዩ የፖለቲካ ድርጅቶች ተሰልፈው የነበሩትንና በዚያ ዘመን ያጣቻቸውን ወንድሟንና የልብ ጓደኛዋን በቤተሰብ ፎቶግራፎችና በትዝታ ታስባቸዋለች። ፊልሙ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ከአጭር ፊልም ወገን አይቆጠርም፤ ነገር ግን በጊዜው ያልተለቀሰ ለቅሶን በዓመታት ርቀት የፈጸመ በመሆኑ፣ በዚህ ዘርፍ መሥራት ለሚፈልግ ሁሉ መታየት ያለበት ነው።

በአገር ቤት የሚሠሩት የመታሰቢያ ቅንብሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መንገድ ይከተላሉ። በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ በፎቶግራፎች ላይ ይነበብና፣ ከሥሩ የኪቦርድ ዜማ ይለቀቃል፤ ሙሾው ቢኖርም እንኳ በዜማው ተውጦ ቃሉ አይሰማም። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የአልቃሿ ድምፅ ከፊልሙ ሁሉ ውዱ ነገር ሆኖ ሳለ እሱኑ መሸፈን ምን ይባላል? ሌላው ችግር ቅርበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ስትከለክል የኖረች ሲሆን፣ ራሷን መቆጣጠር ያቃታትን እናት ፊት አቅርቦ ቀርጾ በስልክ ማሰራጨት፣ በሐዘኗ ቀን ፈቃዷን የሚጠይቅም የሚቀበልም ስለሌለ፣ ከነውር አይተናነስም።

ለዚህ ጉዳይ የልማዱ ቀጠሮ ራሱ መፍትሔ ይዟል። ከቀብሩ ዕለት ይልቅ በአርባውና በሙት ዓመቱ መካከል ያሉት ወራት ለቀረጻ ይመቻሉ፤ ቤተሰቡ ተረጋግቶ ምን መታየት እንዳለበትና ምን መቅረት እንዳለበት መናገር ይችላል፣ በለቅሶው የወረደው ሙሾም ከአልቃሿ ዳግም ሊጠየቅና በጸጥታ ሊቀዳ ይችላል። ሠሪው ከዚያ በኋላ ስንኞቹ ያነሡትን በሬ፣ ማሳና ደጅ በየቦታቸው ሄዶ ያነሣል፤ ፊልሙም ለሙት ዓመቱ የመጣው ሰው ጠበሉን ጸዲቁን ቀምሶ ከመነሣቱ በፊት ለማየት በሚችለው ርዝመት ይቆረጣል።