ደንበኛ የሚያዘው የግብር ወር ካለፈ በኋላ ነው

በደሴና በኮምቦልቻ የሂሳብ ባለሙያ ቢሮ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሥራ ይበዛበታል። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሂሳቡን የሚያስታውቅበት ጊዜ ጥቅምት 30 ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ገበያው ይቀዘቅዛል። የከርሞው ደንበኛ የሚያዘው ወይም የሚታጣው ግን በዚሁ ቀዝቃዛ ወቅት ነው።

የእህል ነጋዴ ጤፉን ዘግኖ አይቶ ይገዛል። የሂሳብ ሥራ ግን አይዘገንም። ገዢው የሚያምነው በእቁብ ወይም በሱቅ ጉርብትና የሚያውቀው ሰው «የእኔን እገሌ ነው የሠራልኝ» ሲለው ነው። ስለዚህ ከሰሌዳ ማስታወቂያ ይልቅ በደንብ የተገለገለ አንድ ደንበኛ ብዙ ሰው ያመጣል። የተከፋም እንዲሁ ብዙ ያሸሻል።

የ2014 ትምህርት

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የግብር ቀነ ገደቡ ሲቃረብ፣ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። መንግሥት ከተሞቹ መለቀቃቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር። በመካከሉ ብዙ ንብረት ተዘረፈ፤ በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም አልተረፈም።

ለነጋዴ ከዕቃው ሌላ ሰነዱም ሀብት ነው። ለምሳሌ 3 ሚሊዮን ብር ሸጦ 2.6 ሚሊዮን ብር ያወጣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ትርፉ 400 ሺህ ብር፣ በ30 በመቶ ስሌት ግብሩ 120 ሺህ ብር ነው። የ400 ሺህ ብር ወጪ ደረሰኝ ጠፍቶ ወጪው ተቀባይነት ቢያጣ ግብሩ 240 ሺህ ብር ይሆናል። የደንበኛውን ሰነድ በየወሩ ሰብስቦ ቅጂውን በሌላ ከተማ የሚያስቀምጥ ባለሙያ የአገልግሎት ዋጋው ተወደደ ቢባል መልስ አያጣም።

ሳይጠሩት መድረስ

ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣ ጭነት የሚያርፍበት የኮምቦልቻ ደረቅ ወደብም ያው ነው። ኮንቴይነሩ ከገባ በኋላ «ሰነድ ጎድሏል» የሚል ትራንዚተር ለአስመጪው የሚያተርፍለት የማከማቻ ኪራይ ነው። መርከቡ ሳይደርስ ሰነዱን መርምሮ፣ የታሪፍ ቁጥሩን አጣርቶ፣ የሚከፈለውን ቀረጥ በግምት የሚነግር ግን በሚቀጥለው ጭነት መጀመሪያ ይጠራል።

ደንበኛ የሚያስኮበልል ሌላም ነገር አለ። «ሰው አለኝ፣ ግብሩን አስቀንሳለሁ» በሚል የመጣ ደንበኛ ኦዲት በመጣ ቀን ይሄዳል፤ ሲሄድም ወሬውን ይዞ ነው። ዋጋ ሰብሮ የተያዘም የበለጠ የሰበረ ሲገኝ ይከተለዋል።

ስለዚህ ባለሙያው የሚሠራውንና የማይሠራውን፣ ክፍያውንና የሚያስረክብበትን ቀን በጽሑፍ ይዋዋል። መጥፎ ዜናም ቢሆን ቀድሞ ይንገር። በኅዳርና በታኅሣሥ የደንበኛውን ሱቅ ይጎብኝ፤ የዘንድሮውን መዝገብ ከወዲሁ ያስተካክል። በሐምሌ አዲስ ደንበኛ ፍለጋ ከመውጣት ይህ ይቀላል፤ ወጪውም ያንሳል።