በጀርባ የሚታዘል ውኃ፦ ከዓለም ጤና ሜዳ እስከ ዝቋላ

በጀርባ የሚታዘል የውኃ ቦርሳ ማለት ከለስላሳ ላስቲክ የተሠራ የውኃ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ግርጌ ተነሥቶ በትከሻ ላይ የሚያልፍ ረጅም ቱቦ፣ እንዲሁም በቱቦው ጫፍ ላይ ያለ፣ በጥርስ ሲነከስ የሚከፈትና ሲለቀቅ የሚዘጋ መምጠጫ በአንድነት ያለው ዕቃ ሲሆን፣ የተሠራበትም ዓላማ ተጓዡ ሳይቆም፣ ሸክሙንም ሳያወርድ እንዲጠጣ ነው። በገበያ የሚገኙት ከረጢቶች አብዛኞቹ ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ 3 ሊትር ይይዛሉ። የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት አንድ ኪሎ ስለሆነም 3 ሊትር የሞላ ሰው ምግቡንና ልብሱን ሳይቆጥር 3 ኪሎ ተሸክሟል ማለት ነው።

የዕቃው ታሪክ ቅርብ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ማይክል ኢድሰን የተባለ አሜሪካዊ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ፣ በሙቀቱ በታወቀ የቴክሳስ የብስክሌት ውድድር ላይ፣ ለሕሙማን ፈሳሽ የሚሰጥበትን ከረጢት ውኃ ሞልቶ በረጅም ካልሲ ውስጥ ከከተተ በኋላ በጀርባው ላይ አያይዞ ቱቦውን በትከሻው አሳለፈው፤ በ1989 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ካሜልባክ የተባለው ኩባንያም ከዚሁ ሙከራ የተወለደ ነው። ይሁን እንጂ ውኃን ለስላሳ በሆነ ነገር ይዞ መጓዝ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቆዳ የሚሠራው እርኮት፣ የአጋር ታሪክ ከሚነገርበት ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ የሚታወቀው የውኃ አቁማዳ፣ የመንገደኛው ቅል፣ ኋላም የወታደሩ ኮዳ ሁሉም የአንድ ፍላጎት ልጆች ናቸው፤ አዲሱ ነገር ቱቦው ብቻ ነው።

ቱቦው የሚሠራበት ብልሃት ቀላል ነው። ተጓዡ መምጠጫውን ነክሶ ሲስብ በአፉ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ከውጭ ያለው አየርም ከረጢቱን ከየአቅጣጫው እየተጫነ ውኃውን በቱቦው ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳው ጠንካራ የሆነ ኮዳ ውኃ በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር ካልገባለት መስጠቱን ያቆማል፤ ለስላሳው ከረጢት ግን እየጎደለ በሄደ መጠን ራሱ ስለሚኮማተር ይህ ችግር የለበትም። በዚህም ምክንያት ከረጢቱ ከተሞላ በኋላ ተገልብጦ በውስጡ የቀረው አየር በቱቦው ተስቦ እንዲወጣ ይመከራል፤ አየር የሌለበት ከረጢት በእርምጃ ጊዜ አይንቦጫረቅም፣ ክብደቱም ከጀርባ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። በቱቦው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ውኃ በፀሐይ ቶሎ ስለሚግል፣ ልምድ ያላቸው ተጓዦች ጠጥተው ሲጨርሱ ወደ ቱቦው እፍ ብለው ውኃውን ወደ ከረጢቱ ይመልሱታል።

ዕቃው የሚጠቅመው የት እንደሆነ ለመረዳት ዓለም ጤናን መነሻ ማድረግ ይቻላል። ከሞጆ ወደ ባቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይህች የቦራ ወረዳ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል በአዋሽ ወንዝ ላይ በተሠራው ግድብ የተፈጠረው የቆቃ ሐይቅ፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ደግሞ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው የዝቋላ ተራራ ይገኛሉ። በበጋ ወራት በሜዳው ላይ ከግራር ጥላ በቀር መጠለያ የለም፤ በክረምት የሚወርደው ጎርፍም ደረቅ አሸዋማ ቦይ ብቻ ትቶ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቦታ በመካከለኛ ፍጥነት የሚሄድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ሊያስፈልገው ይችላል፣ ፀሐዩ ሲበረታና አቀበት ሲጨመር ደግሞ ፍላጎቱ ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል፤ ስለዚህ ለስድስት ሰዓት ጉዞ 3 ሊትር ዝቅተኛው ስንቅ እንጂ ትርፍ አይደለም።

ውኃው ደጋግሞ በጥቂቱ ሲጠጣ ሰውነት በተሻለ ይጠቀምበታል፤ ቱቦው ከጠርሙስ የሚበልጥበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው። ሆኖም ከላብ ጋር ጨው ስለሚወጣ፣ ለብዙ ሰዓት እያላበ ንጹሕ ውኃ ብቻ ከልክ በላይ የሚጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ሊቀጥንና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም ራስን መሳት ሊያመጣበት ይችላል። ዋናው መከላከያ ከልክ በላይ አለመጠጣት ሲሆን፣ ጨው ያለበት ዳቦ ቆሎ ወይም በጨው የተለወሰ የበሶ ጭብጦ መያዝም ይረዳል። በሶውን በውኃ በጥብጦ ከረጢቱ ውስጥ መጨመር ግን ቱቦውን ከመድፈን በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ብርዝም ቢሆን ከረጢቱን ለሻጋታ ያጋልጠዋል።

በዝቋላ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። በተራራው ጫፍ ላይ ወዳለው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምና በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ወደሚገኘው ሐይቅ ብዙ ሕዝብ የሚወጣው በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ቀን ሲሆን፣ የመጋቢቱ ክብረ በዓል አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ጿሚው ምእመን እስከ ቅዳሴ መውጫ ውኃ ስለማይቀምስ፣ በየደቂቃው እንዲጠጡበት የተሠራው ዕቃ በአቀበቱ ላይ ሥራ ፈት ሆኖ ይታዘላል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ተጓዥ የሚበጀው ሳይነጋ መነሣት፣ ፀሐይ ሳትከር ተራራውን መጨረስ፣ ውኃውንም ለማታውና ለቁልቁለቱ ማቆየት ነው። ይህን ሳያገናዝቡ የዕቃውን አጠቃቀም ከባዕድ መመሪያ ቃል በቃል መቅዳት ትርጉም የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቦርሳው ሳይሆን በውስጡ የሚገባው ውኃ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲዘዋወር ፍሎራይድ የተባለውን ንጥረ ነገር ያሟሟል፤ ውኃው ሶዲየም የበዛበትና ካልሲየም ያነሰበት መሆኑም ፍሎራይዱ ዝቃጭ ሆኖ እንዳይቀር ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በሸለቆው ያሉ በርካታ ጉድጓዶች ከዚህ ይበልጣሉ። በአካባቢው ተወልደው ባደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም የዚሁ ውጤት ነው፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል። የአንድ ቀን ተጓዥ ከዚህ ውኃ ቢጠጣ ይህ ጉዳት አይደርስበትም፤ ውኃውን በየቀኑ የሚጠጣው የአካባቢው ነዋሪ ግን ማፍላት ፍሎራይድን እንደማያስወግድ፣ ይልቁንም ውኃው በተነነ መጠን እንደሚያከማቸው ሊያውቅ ይገባል። ፍሎራይድን የሚቀንሱት እንደ አጥንት ከሰል ያሉ ልዩ ማጣሪያዎች ናቸው።

ተጓዡን በዕለቱ የሚያሰጋው ተሕዋስ ነው። ውኃ አጋርን የመሰለ ክሎሪን በመመሪያው ልክ ተጨምሮ ግማሽ ሰዓት ቢቆይ አብዛኞቹን ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን ይገድላል፤ የደፈረሰ ውኃ ግን አስቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ መጠለል አለበት፣ ጭቃው የክሎሪኑን ኃይል ይበላዋልና። የቆቃ ሐይቅ ከዚህም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ጊዜ በላዩ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚንሳፈፈው ሳይኖባክቴሪያ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል፣ መርዙም በመፍላት ስለማይጠፋ፣ አረንጓዴ የሆነ የሐይቅ ውኃ በምንም መንገድ ከረጢት ውስጥ መግባት የለበትም። ወደ ደቡብ የሚገኙት የሻላና የአብያታ ሐይቆችም ጨዋማ በመሆናቸው ለመጠጥ አይሆኑም። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ ስንቁን ከቤት ሞልቶ መውጣት፣ በመንገድ ውኃ አገኛለሁ ከሚል ተስፋ ይመረጣል።

ቦርሳው የራሱ ጉድለቶች አሉት። ከረጢቱ በልብስና በምግብ መካከል ስለሚቀበር ምን ያህል ውኃ እንደቀረ አይታይም፤ ብዙ ሰው ማለቁን የሚያውቀው ቱቦው አየር ሲሰጠው ነው። ከመንገዱ ግማሽ ላይ ከረጢቱን አውጥቶ ማየት፣ ወይም አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ በመጠባበቂያነት መያዝ ይህን ያቃልላል፤ ከረጢቱ በእሾህ ቢበሳም ጠርሙሱ ይተርፋል። ለአጭር መንገድና መንደር ለሚበዛበት አካባቢ ጠርሙሱ ብቻውን ይበቃል፣ ዋጋውም አይወዳደርም። የዕቃው ሌላ ጣጣ ጽዳቱ ነው፦ ከጉዞ በኋላ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና ታጥቦ፣ ቱቦውና መምጠጫው ተነቅለው፣ የከረጢቱም ግድግዳዎች እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ንጹሕ ማንኪያ ወይም እንጨት ገብቶ በጥላ ሥር መድረቅ አለበት። እርጥበቱን ይዞ የተጠቀለለ ከረጢት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሻጋታ ያወጣል፤ ቱቦው ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየና በረጅም ብሩሽ ካልለቀቀ ቱቦውን መጣል ይሻላል።