ለእንጀራ የሚገዛ ሃይብሪድ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያው፣ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት ሥራ የሚተዳደር ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ መኪና ሊቀይር ሲያስብ ጓደኞቹን በመጀመሪያ የሚጠይቀው «በጋሎን ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ከተራ የቤንዚን መኪና ወደ ሃይብሪድ ለሚሻገር ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ሃይብሪድን ከሃይብሪድ ለማማረጥ ግን እምብዛም አይረዳም፤ በዚህ ቁጥር ተማርኮ ለሥራው የማይመች መኪና የሚገዛ ሹፌር ያሳዝነኛል።

በጋሎን የሚኬድ ማይል ዓይን የሚያታልል ልኬት ነው። አንድ ሹፌር በዓመት 40,000 ማይል ይነዳል እንበል። በጋሎን 20 ማይል የሚሄደውን መኪና በ30 ቢለውጥ በዓመት 667 ጋሎን ይተርፈዋል። 50 የሚሄደውን በ60 ቢለውጥ ልዩነቱ ያው 10 ማይል ነው፤ የሚተርፈው ግን 133 ጋሎን ብቻ። ኪስ የሚነካው ለተነዳው መንገድ የተቃጠለው ቤንዚን ስለሆነ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ተጨማሪው ቁጠባ እየሳሳ ይሄዳል።

ይህን ወደ ገበያው እናምጣው። ሃይብሪድ ያልሆነው የ2024 ቶዮታ ካምሪ ኤልኢ በከተማና በሀይዌይ አማካይ በጋሎን 32 ማይል ይሄዳል፤ ለ40,000 ማይል 1,250 ጋሎን ማለት ነው። ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ካምሪ ሁሉ ሃይብሪድ ሆኗል፤ ኤልኢ የሚባለው መነሻ ደረጃ በጋሎን 51 ይሄዳል፣ በዓመት 784 ጋሎን። ጋሎኑን በ3.50 ዶላር ብናሰላው ከ1,600 ዶላር በላይ ይተርፋል። ይህ ትልቁ ዝላይ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ወደ ፕሪየስ ኤልኢ፣ ማለትም ወደ 57 ማይል፣ የሚሻገር ሰው የሚቆጥበው 82 ጋሎን ያህል ብቻ ነው፤ በገንዘብ ከ300 ዶላር በታች። በቀን ሲካፈል አንድ ዶላር አይሞላም። 48 የሚሄደው ሆንዳ አኮርድ ኢኤክስ-ኤልም ከካምሪው የሚበልጥበት ወጪ በዓመት 170 ዶላር ገደማ ነው።

የአንዱ ሞዴል ደረጃዎችም እርስ በርስ ይለያያሉ። 17 ኢንች ጎማ ያለው ፕሪየስ ኤልኢ 57 ሲሄድ፣ 19 ኢንች ጎማ የተገጠመለት ኤክስኤልኢ 52 ላይ ይቀራል። ያው ሞተር፣ ያው ባትሪ ነው። ለውበት ተብሎ የተከፈለው ጭማሪ በየዓመቱ ወደ 67 ጋሎን ይበላል፤ ጎማ መቀየሪያው ሲደርስ ደግሞ ትልቁ ጎማ ዋጋው ይከብዳል። ለሥራ ለሚገዛ ሰው መነሻው ደረጃ ይሻላል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

አማካዩን ቁጥር ትተን የከተማውንና የሀይዌዩን ለየብቻ ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እዚህ ላይ የመኪኖቹ አሠራር ይገለጣል። ቶዮታ የቤንዚን ሞተሩንና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችን የሚያገናኘው በአንድ የጥርስ ስብስብ ነው። እንደ ተለመደው ካምቢዮ ደረጃ በደረጃ የሚቀየር ማርሽ የለውም፤ የሚበላ ፍሪሲዮንም፣ የሚበጠስ ቀበቶም የለውም። ሆንዳ ሌላ መንገድ መረጠ። ከተማ ውስጥ በአብዛኛው የቤንዚን ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ፍጥነቱ ሲጨምርና ሲረጋ ነው የቤንዚን ሞተሩ በፍሪሲዮን ከጎማው ጋር በቀጥታ የሚያያዘው። ህዩንዳይ ሶናታ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተሩን በቤንዚን ሞተሩና ባለስድስት ማርሽ በሆነው አውቶማቲክ ካምቢዮ መካከል አስገባው፤ ከሦስቱ ለተራ መኪና የሚቀርበው እሱ ነው።

ውጤቱ በቁጥሩ ላይ ይታያል። አኮርድ ኢኤክስ-ኤል በከተማ 51፣ በሀይዌይ 44 ነው። የ2024 ሶናታ ሃይብሪድ የተገላቢጦሽ ነው፤ በከተማ 44፣ በሀይዌይ 51። ካምሪ ኤልኢ 53 እና 50 ስለሆነ በከተማና በሀይዌይ ብዙ አይለያይም። አማካያቸው ሲታይ አኮርድ 48፣ ሶናታ 47 ስለሆነ እኩያ ይመስላሉ፤ ለሁለት የተለያዩ ሹፌሮች ግን የተለያዩ መኪኖች ናቸው። ቀኑን ዲሲ መሃል ከመብራት መብራት እየቆመ የሚውል፣ ፍሬን በያዘ ቁጥር ባትሪው የሚሞላለት ሹፌር በአኮርድ ይጠቀማል። ደለስ ኤርፖርት ተሰልፎ 26 ማይል ያህሉን መንገድ የሚመላለስ ደግሞ በሶናታ። ያም ቢሆን ዲሲን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚነዳ ሰው ሀይዌይ ላይ ነኝ ብሎ እንዳይሳሳት፤ መኪናው የሚቆጥረው እንደ ከተማ ነው።

ቀጥሎ የኋላ ወንበር አለ። ተሳፋሪ ስለ ጋሎን አያውቅም፣ ስለ ጉልበቱ ግን ያውቃል። የኋላው የእግር ቦታ በአኮርድ 40.8 ኢንች፣ በካምሪ 38፣ በአዲሱ ፕሪየስ 34.8 ነው። በ2023 የወጣው ፕሪየስ ጣሪያው ወደ ኋላ ዝቅ ስለሚል ረጅም ሰው ወይም አዛውንት ሲገቡ አንገታቸውን መድፋት አለባቸው። ሻንጣ የያዙ ሁለት ሦስት ሰዎችን ከኤርፖርት ለሚያነሳ ሹፌር ይህ ከ82 ጋሎን በላይ ይመዝናል።

ስለ ዋስትና ዲለሩ ጋ ጮክ ብሎ የሚነገረው ዓመቱ ነው። ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል ይሰጣል። የህዩንዳይ 10 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው፤ የሆንዳ መሠረታዊ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል። ሁሉም የሚያበቃው ቀድሞ በሞላው ነው። በዓመት 40,000 ማይል ለሚነዳ ሰው 100,000 ማይል ሁለት ዓመት ተኩል ነው፤ 150,000 ደግሞ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር። ስለዚህ «አሥር ዓመት» የሚለው ቃል ለእሱ ምንም ማለት አይደለም፤ የቶዮታ ተጨማሪ 50,000 ማይል ግን ከአንድ ዓመት የሚበልጥ ሥራ ነው። ሌላም አለ፦ ህዩንዳይ ለሞተርና ለካምቢዮ የሚሰጠው የ10 ዓመት ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ ነው፤ እንደ ታክሲ ለንግድ ሥራ የዋለ መኪናንም አያካትትም። ሰው ለማመላለስ የሚገዛ ሁሉ ይህን አንቀጽ ከመፈረሙ በፊት አንብቦ፣ መልሱን ከዲለሩ በጽሑፍ መቀበል አለበት።

እኔ ብጠየቅ፣ አዲስ ለሚገዛና ሥራው ከተማና ሀይዌይ ለተቀላቀለበት ሹፌር ካምሪ ኤልኢን እመክራለሁ። የቤንዚን ቁጠባው ከፕሪየስ ብዙም አይርቅም፣ ወንበሩ ይሰፋል፣ የባትሪ ዋስትናውም ከሆንዳና ከህዩንዳይ ይረዝማል። ከተማ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ብቻ የሚያነሳ ፕሪየስ ኤልኢን ቢመርጥ አልቃወምም።

አቅሙ አሮጌ ለመግዛት ብቻ የሚፈቅድለት ሰው ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። ከ2004 እስከ 2009 ያለው ፕሪየስ በካታሊቲክ ኮንቨርተር ሌቦች ዘንድ በጣም የሚፈለግ ነው፤ ጋራዥ የሌለውና ሌሊት መንገድ ላይ የሚያቆም ሰው ቢሰረቅ የሚተካበትን ወጪ ያስብበት። ከ2010 እስከ 2015 ያለው ሌላ የታወቀ ድካም አለበት፤ የጭስ መመለሻው መስመር በጥላሸት ይደፈንና ውሎ አድሮ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይበላሻል። በዚሁ መኪና ከኋላ ወንበር ጎን የአየር መሳቢያ ወንፊት አለ፤ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር የሚገባው በእሱ ነው። ተሳፋሪ ካፖርቱን ይደገፍበታል፣ ፀጉር፣ ብናኝና ፍርፋሪ ይሰበሰብበታል፤ ሲደፈን ባትሪው እየጋለ ዕድሜው ያጥራል። ወንፊቱ ነቅሎ የሚታይ ነገር ነው፤ በአቧራ የታፈነ ሆኖ ከተገኘ ባለቤቱ ሌላውንም ጥገና እንዴት ይዞት እንደቆየ መጠርጠር ይገባል። ጓርኒሲዮኑን ለማወቅ ደግሞ መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ባደረበት፣ በጠዋት ማስነሳት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ከተንቀጠቀጠና ካንኳኳ፣ ሌሊት ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ፣ ሌላ ቀን ማልዶ መመለስ ነው።