ከሠርግ መኪና ወደ ደቻቱ አሸዋ

ሠርጉ አልቆ መኪናው ሲራገፍ፣ በማግስቱ ከቆሻሻ ጋር የሚወጣው ጽጌረዳ ገና አልሞተም። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ግንዱ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ ሴሎቹ ይተነፍሳሉ፤ ያጠራቀሙትን ስኳር ያቃጥላሉ። በየአንጓው፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚወጣበት ብብት ውስጥ፣ የስንዴ ፍሬ የማታህል የቅርንጫፍ እንቡጥ ተኝታለች። የጎደለው ሥር ነው።

ሥሩ ከየት ይመጣል? ለጋ ቅጠሎችና እንቡጦች ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ፤ ሆርሞኑም በግንዱ ውስጥ ቁልቁል ይጓዛል። ግንዱ ሲቆረጥ መንገዱ ስለሚዘጋ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። ከቅርፊቱ ሥር ያሉ አንዳንድ ሴሎች ያኔ የቀድሞ ሥራቸውን ትተው እንደ አዲስ ይከፋፈላሉ። መጀመሪያ ቁስሉን የሚደፍን ነጣ ያለ እብጠት ይታያል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ “ሥር አወጣ!” ብሎ ይቸኩላል። እውነተኛው ሥር ግን ቆይቶ፣ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚመጣው። ኦክሲንን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሙከራ ያሳየው ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዌንት ነበር። በቀጣዩ አሥር ዓመት ሆርሞኑ ሥር እንደሚያስወጣ ታወቀ፤ ዛሬ የሚሸጠው የሥር ማስወጫ ዱቄትም የዚያ ምርምር ልጅ ነው።

ችግሩ ጊዜ ነው። ሥር እስኪወጣ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል፤ ቅጠሉ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሃ ማትነኑን አያቆምም። የአገራችን የአበባ እርሻዎች በብዛት የሚገኙት እንደ ባቱ፣ ሆለታና ሰበታ ባሉ ከእኛዋ ድሬዳዋ የቀዘቀዘ አየር ባላቸው አካባቢዎች ነው። ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ድሬ በሰኔ ሙቀት ለመትከል የተቆረጠን ግንድ (ቁራጭ) በግማሽ ቀን ታጠወልገዋለች። ስለዚህ እዚህ ለመሞከር ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ከገበያ የመጣ አበባ ሌላም ሸክም አለበት። ከእርሻ ወጥቶ በቀዝቃዛ ክፍል ሲቆይ ከምግቡ ብዙውን ጨርሷል፤ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ሲሰነብት ደግሞ ባክቴሪያ የውሃ ቧንቧውን ይደፍነዋል። አበባው እስኪረግፍ አጊጦበት ከዚያ ግንዱን ለማትረፍ የሚያስብ ሰው ዘግይቷል። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን አበባውን መሠዋት ግድ ነው። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ጽጌረዳ ካለ ከዚያ ለምኖ መቁረጥ እጅግ የተሻለ ነው፤ አበባው ገና የረገፈ፣ እንደ እርሳስ የወፈረ ግንድ ይመረጣል።

ቁራጩ የሚተከልበት አሸዋ ሲፈለግ ደቻቱ ይጠቅማል። የድሬዳዋን ሰፈሮች ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ወንዝ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ነው። አሸዋው ለግንባታ ይጫናል፤ ለቁራጭም ይስማማል። ውሃ አያቁርም፣ አየር ያስገባል፤ በመበስበስ የሚሞተው ቁራጭ ደግሞ በጥም ከሚሞተው አያንስም። ደለሉ እስኪጠራ ደጋግሞ ማጠብና የፈላ ውሃ ማፍሰስ ያስፈልጋል።

ከግንዱ አራት አንጓ ያህል ይወሰዳል፤ ታችኛው ጫፍ ከአንጓው ሥር፣ ላይኛው ከአንጓው በላይ በስለታም ምላጭ ይቆረጣል። ከላይ አንድ ቅጠል ቀርቶ ሌላው ይነሳል፤ ያ ቅጠል ስኳርም ኦክሲንም አምራች ስለሆነ ሁሉን መመልመል ስህተት ነው። ሁለት አንጓ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፤ ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ከላይ ይደፋበትና ጥላ ቦታ ይቀመጣል። የላስቲኩ ውስጥ በጤዛ ከደመነ እርጥበቱ በቂ ነው። ፀሐይ ካረፈበት ግን ቁራጩ ይቀቀላል። ግንዱን ድንች ውስጥ ሰክቶ መቅበር በየቪዲዮው ይታያል፤ ድንቹ ሥር የሚያስወጣ የተለየ ነገር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ይበሰብሳል፣ አለዚያም ራሱ ይበቅላል።

ይህን ሁሉ ከመድከም ዘር ቢዘራስ? የገበያ ጽጌረዳ ከዘር ቢበቅል እናቱን አይመስልም፤ ዝርያውን ጠብቆ የሚያበዛው ግንዱ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሜያን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ወደ አሜሪካ ከላከው ቁራጭ ግንድ የተባዛው ጽጌረዳ በ1945 (እ.ኤ.አ.) “ፒስ” ተብሎ ዓለምን አዳረሰ። የአበባ እርሻዎች ግን ቁራጩን እንዲሁ አይተክሉትም፤ ብዙዎቹ ሥሩ ጠንካራ በሆነ ሌላ ጽጌረዳ ላይ ያጣብቁታል። በራሱ ሥር የቆመው የሠርግ ጽጌረዳ ስለዚህ ደከም ሊል ይችላል፤ በተለይ በድሬ ኖራ በበዛበት ውሃ ብረት መውሰድ ያቅተውና የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው መሐል ለመሐላቸው ቢጫ ይሆናል። ኮምፖስትና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ያግዙታል። የመጀመሪያዎቹን የአበባ እንቡጦች መቀንጠብም ምግቡን ወደ ሥሩ ይመልሳል።