በዊኪ ላይ ሥልጣን የሚሰጥ ሥልጣን

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አባላት የአጥቢያቸውን ታሪክ ከአረጋውያን አባቶችና እናቶች እየጠየቁ በዊኪ ላይ ይመዘግቡ ጀመር። ዊኪ ማለት አንባቢው ራሱ የሚጽፍበትና የሚያርምበት፣ የተደረገው ለውጥ ሁሉ ከነቀኑና ከነአድራጊው ስም የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው። ሥራውን የጀመረው አንድ ትጉህ ወንድም ነበር። ዊኪውን የከፈተው፣ ክፍያውን የሚፈጽመው፣ ለሌሎችም ፈቃድ የሚሰጠው እርሱ ብቻ ነበር። ይህ ወንድም ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ ስልኩ ጠፋበት፤ ከስልኩም ጋር የይለፍ ቃሉና ኢሜይሉ ከእጁ ወጡ። ከወራት በኋላ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች እየገቡ ገጾቹን በቁማር ማስታወቂያ ሞሏቸው። የቀሩት አገልጋዮች መጻፍ ይችሉ ነበር፤ አጥፊውን ማገድ ግን አይችሉም። የሚያግድ ሰው መሾምም አይችሉም።

እኛም «እርዱን» ተብለን ስንጠራ ያገኘነው ይህንኑ ነው። ከአባላቱ ጋር ተቀምጠን ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ ዐዲስ ዊኪ ገለበጥን። ጽሑፉ ተረፈ፤ የትኛውን ማን እንደ ጻፈው የሚያሳየው የገጾቹ ታሪክ ግን እዚያው ቀረ። ገጾችን ከነታሪካቸው የሚያወጣ መሣሪያ በዊኪው ውስጥ እንደ ነበረ የተረዳነው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑንም ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ለዚህ ጥፋት ያንን ወንድም መውቀስ አይገባም። በዊኪ ላይ ሁለት ዓይነት ሥልጣን አለ፤ አንዱ ሥራውን የመሥራት፣ ሌላው ሥልጣን የመስጠት ሥልጣን ነው። ሁለተኛው በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲቀር፣ ያ ሰው ቅን ቢሆንም እንኳ ሥራው ሁሉ በአንድ ስልክ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ሁለቱን ለይቶ በማስቀመጥ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ውክፔዲያ ብዙ የተደከመበት በመሆኑ አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት።

በውክፔዲያ ማንም ሰው ሊጽፍ ይችላል። የተመዘገበ ተጠቃሚ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ጥቂት እርማቶችን ሲያደርግ ተጨማሪ መብት በራሱ ጊዜ ይከፈትለታል፤ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ይህ 4 ቀንና 10 እርማት ነው። ከዚህ በላይ ያለው በአማርኛው ውክፔዲያ «መጋቢ» የሚባለው ነው። መጋቢ ገጽ ይሰርዛል፣ የተሰረዘውን ይመልሳል፣ ጥፋት የሚደጋገምበትን ገጽ ይቈልፋል፣ አጥፊን ያግዳል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መጋቢ ስለ ጽሑፉ ይዘት ከሌላው ጸሐፊ የሚበልጥ ድምፅ የሌለው መሆኑ ነው። ብዙ ምእመናን ስለ አንድ ገዳም ወይም ስለ አንድ ቅዱስ የተሳሳተ ነገር ሲያነቡ «ኀላፊዎቹ ያስተካክሉት» ብለው ያልፋሉ። ሆኖም የታተመ ምንጭ ይዞ ማረም የእነርሱም ድርሻ ነው፤ ለዚህ ሹመት አያስፈልግም።

ከመጋቢ በላይ «ቢሮክራት» የሚባል ኀላፊ አለ። ስሙ «ዛሬ ሂድ ነገ ና» የሚባልበትን ቢሮ ሊያስታውሰን ይችላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ቢሮክራት መጋቢዎችንና ሌሎች ቢሮክራቶችን ይሾማል፤ የሚሾመው ግን የወደደውን አይደለም። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ መጋቢ ለመሆን የቀረበ ሰው በተለመደው ሥርዓት ለ7 ቀናት በአደባባይ ይጠየቃል፤ ደጋፊውም ተቃዋሚውም ምክንያቱን ይጽፋል። ከ75 በመቶ በላይ ድጋፍ ያገኘ በአብዛኛው ይሾማል፤ ከ65 በመቶ በታች ያገኘ በአብዛኛው አይሾምም። ቢሮክራቶች የራሳቸውን ሚዛን የሚጠቀሙት በመካከል ባለው ጠባብ ቦታ ላይ ነው፤ በዚያም ላይ የድምፁን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የቀረበውን ምክንያት ይመዝናሉ።

ሌላው አስተዋይነት የሚታየው በመሻር ላይ ነው። በብዙዎቹ ውክፔዲያዎች ቢሮክራት ይሾማል እንጂ አይሽርም። የእንግሊዝኛው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የመጋቢነትን መብት እንዲያነሡ ፈቅዶላቸዋል፤ ሆኖም አንዱ ቢሮክራት ሌላውን ቢሮክራት መሻር አይችልም። ይህ ለ«ስቲዋርዶች» የተተወ ነው። ስቲዋርድ የሚለው ቃል የሌላውን ንብረት በአደራ የሚጠብቅ ማለት ሲሆን፣ እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁሉም ቋንቋዎች ያሉትን ዊኪዎች ያገለግላሉ። ምርጫቸው በየዓመቱ ሲሆን፣ ተመራጩ ቢያንስ 30 ደጋፊዎችና 80 በመቶ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ቀድሞ የተመረጡትም በየዓመቱ እንደ ገና ይመዘናሉ። እጅግ ሰፊ ሥልጣን የያዙ ቢሆኑም ራሳቸው በሚጽፉበት ዊኪ ላይ መብት ከመስጠትና ከመንሣት እንዲቈጠቡ ይጠበቃል፤ ወዳጅም ባላጋራም የሚኖራቸው እዚያ ነውና። ጸሐፊ በሚያንስባቸው ዊኪዎች ላይ ደግሞ መጋቢነትን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሰጣሉ።

ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን የተጠቃሚን የኢንተርኔት አድራሻ መመርመር ስለሚችሉ ሰዎች የተደነገገው ነው። ይህ ሥልጣን የሰውን ምስጢር የሚነካ በመሆኑ በአንድ ዊኪ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይይዙታል፤ ሁለት ካልተገኙ ማንም አይይዘውም። አንዱ የሠራውን ሌላው እንዲያይ ነው። በብዙ አጥቢያዎች ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው ብቻ የማይከፈተው ስለምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ምእመን ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሣጥኑ ቁልፍ ለሁለት መከፈሉ ቁልፍ ያዡን ከሐሜትም ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ የተሰጠና የተነሣ መብት በመዝገብ ላይ ይቀመጣል። ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደ ሰጠ ማንም ያነባል።

እንግዲህ የራሳቸውን ዊኪ ለመክፈት ለሚያስቡ እንመለስ። ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ሲተከል፣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ መጋቢነትንም ቢሮክራትነትንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ስለዚህ በትውውቁ ወራት ሁሉ ነገር በአንድ ሰው እጅ መሆኑ የማይቀር ነው፤ ስሕተቱ በዚያው መቅረቱ ነው። ያ ሰው ሌላ ኀላፊ ለመጨመር «የተጠቃሚ መብቶች» የሚለውን ልዩ ገጽ ይከፍታል፤ የሰውየውን መለያ ስም ያስገባል፤ የሚሰጠውን መብት ይመርጣል፤ ምክንያቱን ይጽፋል። መብቱ የሚያበቃበትንም ቀን መወሰን ይቻላል። ለበዓል ሰሞን ብቻ ለሚያግዝ ሰው የአንድ ወር መጋቢነት ይበቃዋል፤ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይነሣል፤ «ሻሩኝ» ብሎ የሚቀየም አይኖርም።

ሌላም አለ። የዊኪውን ኮድ የመለወጥ መብት ለየት ባለ ጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል፤ በዚያ የተጻፈ ክፉ ትእዛዝ ገጹን በሚከፍት ሰው ሁሉ መሣሪያ ላይ ይሠራልና። በውክፔዲያና በእኅት ዊኪዎቹ ይህ መብት እ.ኤ.አ. በ2018 ከመጋቢዎች ተነሥቶ ለጥቂቶች የተሰጠው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ያለው ግን በኀላፊዎች ዝርዝር ላይ ስሙ የማይታይ ሰው ነው፤ ይኸውም ዊኪው የተቀመጠበትን ሰርቨር የያዘው። እርሱ በዊኪው ላይ ምንም ሹመት ባይኖረውም በአንድ ትእዛዝ የፈለገውን ሰው ቢሮክራት ማድረግ ይችላል። በመሆኑም የሰርቨሩ ውልና ኢሜይሉ በማኅበሩ ስም እንጂ በግለሰብ ስም መሆን የለበትም፤ የይለፍ ቃሉም በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ታሽጎ ሊቀመጥ ይገባል።

የዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት አባላት በዐዲሱ ዊኪ ላይ ሁለት ቢሮክራቶችንና ሦስት መጋቢዎችን መርጠዋል። ከመጋቢዎቹ አንዷ ከተማ ከመቀየሯ በፊት መብቷን ራሷ አስረክባለች፤ የተተካችውም በዚያው ሳምንት ተሹማለች። ወደ ውጭ የሄደው ወንድምም ተመልሶ ተመዝግቧል። ኀላፊነት አልጠየቀም፤ ከሥራ ሲወጣ በልጅነቱ ከአያቱ የሰማውን ይጽፋል፤ እዚህ ያሉት ደግሞ ያርሙለታል።