ጨቅላ ሕፃናትን የሚገድለውን ባክቴሪያ በካምፓላ መመርመር ለምን አዳጋች ሆነ?

ግሩፕ ቢ ስትሬፕቶኮከስ የተሰኘው ባክቴሪያ ነፍሰ ጡሯን ሳያሳምም በሰውነቷ ሊኖር ይችላል። በምጥ ወቅት ወደ ሕፃኑ ከተላለፈ ግን የደም መመረዝ፣ የሳንባ ምች ወይም ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮፓውያኑ 2021 እንዳስታወቀው በየዓመቱ ለ150 ሺህ ገደማ ጨቅላዎችና ጽንሶች ሞት ምክንያት ይሆናል።

አሜሪካ ከ2002 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ በእርግዝናቸው የመጨረሻ ሳምንታት እንዲመረመሩ ትመክራለች። ባክቴሪያው ከተገኘ እናቲቱ ምጥ ሲጀምራት ፔኒሲሊን በደም ሥሯ ይሰጣታል። ቀደም ብሎ ቢሰጥ ባክቴሪያው ከወሊድ በፊት ሊመለስ ይችላል፤ ዘግይቶ ከተሰጠም ጥቅሙ ይቀንሳል። ከመውለዷ ቢያንስ 4 ሰዓት ቀድሞ መሰጠቱ ይመረጣል።

ለካምፓላ እናቶች ፈተናው ይኸው ጊዜ ነው። የላቦራቶሪ ውጤት አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዓመት ከ20 ሺህ በላይ ሕፃናት በሚወለዱበት የካዌምፔ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ምጧ ከገፋ በኋላ የምትደርስ እናት ለምርመራውም ሆነ ለመድኃኒቱ ጊዜ አታገኝም።

በመሆኑም በከተማዋ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከእናት ወደ ጽንስ የሚተላለፈው የበሽታ መከላከያ ሕፃኑን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ሲያጠኑ ቆይተዋል። ግባቸው በእርግዝና ወቅት የሚሰጥ ክትባት ነው። ክትባቱ ምጥ እስኪጀምር መጠበቅን አይሻም፤ እስካሁን ግን ለአገልግሎት የጸደቀ የለም።