ቱርቦ ለተገጠመለት የመንገድ ሞተር ቢስክሌት የጢስ ማውጫ አመራረጥ

ከሞተር ቢስክሌት ነጂዎች ብዙዎቹ የጢስ ማውጫን የሚመርጡት በድምፁና በመልኩ ነው። ተራ ሞተር ላይ ይህ ዐይነቱ ምርጫ የሚያስከትለው ጉዳት አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ቱርቦ በተገጠመለት ሞተር ላይ ግን ጢሱ ራሱ ሥራ ስለሚሠራ፥ ያለ ምርመራ የተለወጠ ቧንቧ ፒስተን እስከ ማቅለጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ነጂው ወይም መካኒኩ የጢስ ማውጫ ሲመርጥ ምን ምን ነገር ማመዛዘን እንዳለበት እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ የተተከሉ ሁለት መዘውሮች ያሉት መሣሪያ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ አንደኛውን መዘውር፥ ይኸውም ተርባይኑን፥ ያሽከረክረዋል፤ በዚሁ ዘንግ የሚዞረው ሁለተኛው መዘውር ደግሞ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ያስገባል። በትንንሽ ቱርቦዎች ላይ የዘንጉ ዙር በደቂቃ ከ100,000 በላይ ይደርሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ በ1905 ፓተንት አግኝቶበታል። በመንገድ ሞተር ቢስክሌት ላይ ግን በፋብሪካ ተሠርቶ ጐልቶ የታየው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1982 የሆንዳ ሲኤክስ500 ቱርቦና የያማሃ ኤክስጄ650 ቱርቦ፥ ከዚያም የሱዙኪ ኤክስኤን85 እና የካዋሳኪ ጂፒዜድ750 ቱርቦ ወጡ።

እነዚህን ሞተር ቢስክሌቶች ስናነጻጽር አንድ ትምህርት እናገኛለን። ያማሃና ሱዙኪ ቱርቦውን ከሲሊንደሮቹ በስተኋላ ሲያደርጉት፥ ካዋሳኪ ግን ከሞተሩ ፊት ለፊት፥ ለጢሱ መውጫ ቀዳዳዎች አቅራቢያ አደረገው። መንገዱ ባጠረ መጠን ጢሱ ሙቀቱን ሳያባክን ተርባይኑ ዘንድ ስለሚደርስ፥ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ኀይሉ ፈጥኖ ይመጣል። ከዚህ የምንረዳው የጢስ ማውጫውን እንደ አንድ ቧንቧ ሳይሆን እንደ ሁለት የተለያዩ ቧንቧዎች ማሰብ እንደሚገባ ነው። ከተርባይኑ በፊት ያለው ክፍል ሙቀትንና ግፊትን መጠበቅ አለበት፤ ከተርባይኑ በኋላ ያለው ክፍል ግን ጢሱን በፍጥነት መልቀቅ አለበት። የሁለቱ ጠባይ ተቃራኒ ነው።

ከተርባይኑ በፊት ያለው ቧንቧ አጭርና ጠባብ ቢሆን ይመረጣል። በጣም የሰፋ እንደ ሆነ ጢሱ ፍጥነቱን ያጣል፤ በጣም የጠበበ እንደ ሆነ ደግሞ በከፍተኛ ዙር ሞተሩን ያንቀዋል። በመገጣጠሚያው በኩል ትንሽ እንኳ የሚያፈስ ከሆነ፥ ለተርባይኑ የታሰበው ኀይል በከንቱ ይባክናል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ሲሆን፥ ቱርቦው ሁለት መግቢያ ካለው አንደኛውን ሲሊንደር ከአራተኛው፥ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋራ ማጣመር ጠቃሚ ነው፤ በዚህ ዐይነት የአንዱ ጢስ የሌላውን አወጣጥ አያውክም።

ቧንቧው የሚሠራበትም ብረት ሊታሰብበት ይገባል። ሞተሩ በሙሉ ኀይል ሲሠራ የጢሱ ሙቀት ከ800 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ለዚህ ቦታ አይሆንም። የብረት ቀልጥ ከባድ ቢሆንም ሙቀት ይችላል። የማይዝገው ብረት ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሲሞቅ ከተራው ብረት ይበልጥ ይረዝማል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው የማይዝግ ብረት ቧንቧ ሙቀቱ በ600 ዲግሪ ሲጨምር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። መፈናፈኛ ካላገኘ በብየዳው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተንሸራታች መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል፤ የቱርቦውንም ክብደት ቀጭኑ ቧንቧ ብቻውን ሊሸከመው አይገባም፤ ለብቻው ደጋፊ ሊሠራለት ይገባል።

አሁን ከተርባይኑ በኋላ ወዳለው ክፍል እንለፍ። ተርባይኑን የሚያዞረው በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። ለምሳሌ የመግቢያው ግፊት 1.8 ባር፥ የመውጫው 1.0 ባር ቢሆን፥ ንጽጽሩ 1.8 ይሆናል። ጠባብ ማርሚታ ተገጥሞ የመውጫው ግፊት ወደ 1.2 ባር ከፍ ቢል ግን ንጽጽሩ ወደ 1.5 ይወርዳል። የቀድሞውን ንጽጽር ለመመለስ የመግቢያው ግፊት 2.16 ባር መድረስ አለበት። ይህ ሁሉ ግፊት ፒስተኑ ጢስ ገፍቶ ሲያስወጣ ይቃወመዋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚቀረው ትኩስ ጢስም ይበዛና ሞተሩ ይንኳኳል። በዚህ ምክንያት ቧንቧው ከተርባይኑ መውጫ ያልጠበበ፥ እጥፋቱም ጥቂት እንዲሆን ያስፈልጋል። የውስጥ ስፋቱ ከ50 ወደ 60 ሚሊ ሜትር ሲያድግ የጢሱ መተላለፊያ በ44 በመቶ ይሰፋል። ይሁን እንጂ ለነጂው እግር፥ ሲታጠፍም ከመሬት ለሚኖረው ርቀት ቦታ መተው አለበት።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ለሚነዳ ሰው ይህ ጉዳይ የበለጠ ይመለከተዋል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የግፊት መለኪያው 0.5 ባር ጭማሪ ሲያሳይ፥ በባሕር ጠረፍ አየሩ የተጨመቀው 1.5 ጊዜ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ግን ከ1.6 ጊዜ በላይ ነው። ስለዚህ መለኪያው አንድ ዐይነት ቢያሳይም ደገኛው ቱርቦ ይበልጥ ይደክማል።

ማርሚታውን በሚመለከት፥ ጢሱ በቀጥታ የሚያልፍበትና በዙሪያው ድምፅ የሚውጥ የመስታወት ጭረት የተጠቀጠቀበት ዐይነት ለቱርቦ የተሻለ ነው። ተርባይኑ ራሱ ከድምፁ ከፊሉን ስለሚያበርድ፥ ብዙ ክፍል ያለው ከባድ ማርሚታ አያስፈልግም። ጨርሶ ማውለቅ ግን ነውርም ጥፋትም ነው። በአሜሪካ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ለአዳዲስ የመንገድ ሞተር ቢስክሌቶች የተደነገገው ወሰን 80 ዴሲቤል ነው። ሕግ ባያስገድድ እንኳ ሌሊት የሚያልፍ ሞተር የሕሙማንንና የሕፃናትን እንቅልፍ መንሣት የለበትም።

በመጨረሻ ከሁሉ የሚበልጠውን አደጋ እንጥቀስ። ግፊቱ ከልክ እንዳያልፍ ከተርባይኑ በፊት ትርፉን ጢስ በጐን የሚያሳልፍ ማስተንፈሻ በር አለ። ከበስተኋላ ያለው ቧንቧ ሲሰፋ ተርባይኑ ስለሚቀለው ይፈጥናል፤ በሩ ትንሽ ከሆነ ትርፉን ጢስ ማሳለፍ ይሳነውና ግፊቱ ከተወሰነለት በላይ ይወጣል። በዚያን ጊዜ አየሩ ይበዛል፤ ቤንዚኑ ግን ያንሳል፤ ሙቀቱ ያይላል፤ ፒስተኑም ይቀልጣል። ስለሆነም ማርሚታ የለወጠ ሰው የግፊት መለኪያውን ሳይመለከትና የቤንዚኑን መጠን ሳያስተካክል በሙሉ ኀይል ሊነዳ አይገባም።

እንግዲህ መራጩ በቅድሚያ የፊተኛው ክፍል እንዳያፈስና እንዳይሰነጠቅ፥ ቀጥሎም የኋለኛው ክፍል ጢሱን እንዳያንቀው፥ ከዚያም የማስተንፈሻ በሩ ከአዲሱ ቧንቧ ጋራ መስማማቱን ይመርምር። መልክና ድምፅ የሚታዩት ከነዚህ በኋላ ነው።